በጨው ውሃ ውስጥ የሚደረግ ሽሚያ

ከዛፍ እንደተቀጠፈ የሚበላ የወይራ ፍሬ እምብዛም አይገኝም። ቢሞከርም ምሬቱ አፍን ያደርቃል፣ ምላስን ይይዛል፣ ውሃ ቢጠጡበትም ቶሎ አይለቅም። የምሬቱ ምንጭ ኦሊዩሮፔይን የሚባል ውሁድ ነው፤ ገና ባልበሰለ ለጋ ፍሬ ውስጥ ከደረቅ ክብደቱ እስከ 14 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ዛፉ ይህን ሁሉ መራራ ነገር የሚያከማቸው በከንቱ አይደለም። ኦሊዩሮፔይንና እሱ ሲሰባበር የሚወጡት ነገሮች ተባይንም ጀርምንም ይከላከሉለታል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ ፍሬውን ለገበታ የሚያበቁት ባክቴሪያዎች ራሳቸው ከጀርሞች ወገን ናቸውና።

በኢትዮጵያ ደጋ የሚበቅለው፣ በእንጨቱ ጋንና የወተት ዕቃ የሚታጠንበት ወይራ የዚሁ ተክል ንዑስ ዝርያ ነው። ፍሬው ግን ጥቃቅን፣ ሥጋውም በዘሩ ላይ የሳሳ ስለሆነ ለገበታ አይታሰብም። በሜዲትራኒያን ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ግን ትልልቅ ፍሬ የሚሰጡትን ዛፎች ለሺህ ዓመታት እየመረጡ ሲያባዙ ኖረዋል። ዛሬ በገበያ ላይ ማንዛኒያ፣ ጎርዳል፣ ኦሂብላንካ፣ ካላማታ፣ ሃልኪዲኪ፣ ኖቼላራ እየተባሉ የሚታወቁት የዚያ ልፋት ውጤቶች ናቸው። ዓለም በዓመት ወደ 3 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ የገበታ ወይራ ያመርታል፤ ስፔን፣ ግብፅ፣ ቱርክ እና አልጄሪያ ከፊት ከሚሰለፉት ውስጥ ናቸው።

ምሬቱን የማውጣት ጥበብ በጣም አሮጌ ነው። ከሃይፋ ደቡብ፣ ዛሬ በባሕር ውሃ በተዋጠው ሂሹሌይ ካርሜል በተባለ ጥንታዊ መንደር ውስጥ አርኪዮሎጂስቶች በድንጋይ የተሠሩ ሁለት ጉድጓዶች አግኝተዋል፤ በውስጣቸው በሺዎች የሚቆጠሩ የወይራ ዘሮች ነበሩ። ዕድሜያቸው 6,600 ዓመት ገደማ ነው። ዘይት ለመጭመቅ ቢሆን ኖሮ ዘሮቹ በብዛት ተፈርክሰው በተገኙ ነበር፤ እነዚህ ግን አብዛኞቹ ሙሉ ናቸው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ በ2021 ባሳተሙት ጽሑፍ ቦታው ፍሬው ለመብል የሚዘጋጅበት ሳይሆን አይቀርም አሉ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮማዊው የግብርና ጸሐፊ ኮሉሜላ ወይራን በጨው ውሃና በቅመማ ቅመም ስለ ማቆየት ሲጽፍ ዘዴው ለአንባቢዎቹ እንግዳ አልነበረም። እሱም ሆነ ከእሱ በፊት የነበሩት ያላወቁት አንድ ነገር ቢኖር ሥራውን የሚሠራላቸው ማን እንደሆነ ነው።

የአሠራሩን ዝርዝር ለማየት ከሴቪል የተሻለ ቦታ የለም። በደቡብ ስፔን ለቀማው የሚጀምረው በሴፕቴምበር ነው፤ ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ገለባማ ቢጫ መዞር ሲጀምር፣ ገና ሳይጠቁር። ለገበታ የሚሆነው በብዛት በእጅ ይለቀማል፤ ጭረትና ምት ያረፈበት ቦታ ሁሉ ቆይቶ ቡናማ ጠባሳ ሆኖ ይወጣልና። ከዚያ ፍሬው ኮስቲክ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። የሶዳው መጠን እንደ ፍሬው ዓይነትና እንደ አየሩ ሙቀት ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 በመቶ አካባቢ ነው። ሶዳው ኦሊዩሮፔይንን ይበጥሰዋል፤ ምሬቱም በሰዓታት ውስጥ ይሰበራል።

በዚህ ሰዓት ዓይን የሚጣለው በሰዓት ላይ ብቻ አይደለም። ሠራተኛው ከገንዳው ጥቂት ፍሬዎች ያወጣና በቢላ እስከ ዘሩ ድረስ ይሰነጥቃቸዋል። ሶዳው የደረሰበት ሥጋ ቀለሙ ተለውጧል፤ ፌኖልፍታሌይን የሚባለው ጠቋሚ ፈሳሽ ጠብ ቢደረግበት ደግሞ ደማቅ ሐምራዊ ሆኖ ይታያል፤ ያልደረሰበት እንዳለ ይቀራል። የሚፈለገው ሶዳው ከቆዳው ወደ ዘሩ ካለው መንገድ ሁለት ሦስተኛውን ወይም ሦስት አራተኛውን ሲያልፍ ነው። ያኔ ሶዳው ይደፋል። በዘሩ ዙሪያ የምትቀረዋ ቀጭን ቀለበት ሆን ተብላ የምትተው ናት፤ ትንሽ ምሬት ለጣዕም፣ ትንሽ ስኳር ደግሞ በኋላ ለሚመጡት ባክቴሪያዎች ታስቀራለች። ሶዳው እስከ ዘሩ ከዘለቀ ፍሬው ይላሽቃል፤ ቀድሞ ከተደፋ ደግሞ መራራ ሆኖ ይቀራል።

ቀጥሎ እጥበቱ አለ፤ እሱም ልክ አለው። በደንብ ካልታጠበ የተረፈው ሶዳ በኋላ የሚፈጠረውን አሲድ እየዋጠ ሥራውን ያጓትታል። ከመጠን በላይ ከታጠበም ስኳሩ አብሮ ይሄዳል፤ ባክቴሪያዎቹ የሚበሉት ያጣሉ።

ታጥቦ የተዘጋጀው ፍሬ በታንከር ውስጥ ይገባና ከ10 እስከ 12 በመቶ ጨው ያለው ውሃ ይሞላበታል። ድሮ ይህ የሚሆነው በትልልቅ የእንጨት በርሜሎች ነበር። ዛሬ ታንከሮቹ የፋይበርግላስ ናቸው፤ የተለመደው 16,000 ሊትር የሚይዝና 10 ቶን ያህል ፍሬ የሚገባበት ነው። ብዙዎቹ መሬት ውስጥ የተቀበሩ ስለሆኑ በግቢው የሚያልፍ እንግዳ ከክዳኖቻቸው በቀር የሚያየው የለም። አፈሩ ከቀን ሐሩርና ከሌሊት ቅዝቃዜ ይጠብቃቸዋል። ጨው ወደ ፍሬው ሲገባ፣ ከፍሬው ስኳርና ሌላ ምግብ ወደ ውሃው ሲወጣ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁለቱ ይመጣጠናሉ፤ የጨው ውሃውም ወደ 6 በመቶ ዝቅ ይላል።

ሽሚያው የሚጀመረው አሁን ነው። የተሰጠው ስኳር ውሱን ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ይበላዋል።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚይዙት ብዙ ጊዜ ከአንጀት ባክቴሪያ ቤተሰብ የሆኑ፣ ጋዝ የሚያወጡ፣ ጥቂት ጨው የማይገዳቸው ጀርሞች ናቸው። ሶዳው የተወው ውሃ አሲድ የሌለበት ስለሆነ ይመቻቸዋል። እነሱ ሲሠሩ የውሃው ፒኤች፣ ማለትም አሲድ ሲበዛ የሚወርደው መለኪያ፣ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ወደ 6 ሲጠጋ ክብ ክብ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች፣ ሉኮኖስቶክና ፔዲዮኮከስ፣ ይከተላሉ። በመጨረሻ ዘንጎቹ ይመጣሉ፤ ላክቶባሲለስ ፕላንታረምና ከእሱም ይልቅ ላክቶባሲለስ ፔንቶሰስ። (በ2020 ሳይንቲስቶች ቤተሰቡን ሲከፋፍሉት ሁለቱም ላክቲፕላንቲባሲለስ ተብለዋል፤ በፋብሪካ ግን አሮጌው ስም ገና አልሞተም።) እነዚህ ስኳሩን አሟጠው ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል፤ ፒኤቹን ወደ 4 ያወርዱታል። እዚያ ከደረሰ ፍሬው ከአደጋ ወጣ ማለት ይቻላል።

ካልደረሰስ? የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ከቆዩ ጋዛቸው በፍሬው ቆዳ ሥር ይከማችና ያሳብጠዋል፤ ሥጋውም ውስጥ ስንጥቅ ይተዋል። ክሎስትሪዲየም የተባሉት ከበረቱ ቡቲሪክ አሲድ ይመጣል፤ ሽታው የቆየ የበሰበሰ ቅቤ ነው፤ ማንም አያድነውም። ሦስተኛው ብልሽት ግን ተንኮለኛ ነው። ሁሉም ነገር በሰላም ያለቀ መስሎ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ የጸደይ ሙቀት ሲገባ፣ ሌሎች ባክቴሪያዎች የተሠራውን ላክቲክ አሲድ ራሱን መብላት ይጀምራሉ። ፒኤቹ መልሶ ይወጣል፤ ታንከሩም የጫማ ሰፊ ሱቅ ውስጥ ያለውን የቆዳ ሽታ ይሸታል። ስፔኖች ሳፓቴራ ይሉታል። ከዚህ ለመዳን ሙቀቱ ከመግባቱ በፊት ጨውን ከ8 በመቶ በላይ ማድረስ የታወቀ ጥንቃቄ ነው። አንድ ታንከር ሲበላሽ የሚጠፋው 10 ቶን ነው፤ የዓመት ድካም ያለበት።

የአሲዱ ነገር የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። በኦገስት 1919 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ካንተን ከተማ ለአንድ የጦር መኮንን ክብር በተዘጋጀ እራት ላይ በጣሳ የታሸገ ጥቁር ወይራ ቀረበ። ከተጋባዦቹና ከአስተናጋጆቹ መካከል ሰባት ሰዎች በቦቱሊዝም መርዝ ሞቱ። በወራት ውስጥ በሌሎች ከተሞችም ተመሳሳይ ሞት ተከተለ። ወይራው የካሊፎርኒያ ነበር፤ በሶዳና በአየር የጠቆረ፣ አሲድ ያላወጣ፣ በጣሳውም ውስጥ በቂ ሙቀት ያላገኘ። ከዚያ በኋላ ካሊፎርኒያ እንዲህ ያለው ወይራ በግፊት እንፋሎት በ116 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲበስል አስገደደች። መርዙን የሚያመርተው ባክቴሪያ ፒኤቹ ከ4.6 በታች በሆነ ምግብ ውስጥ አያድግም፤ በደንብ የኮመጠጠ ወይራ ስለዚህ ራሱን ይጠብቃል። ማስጠንቀቂያው ያረጀ የሚመስለው ካለ በ2011 ፊንላንድ ውስጥ ከጣሊያን የመጣ፣ በለውዝ የተሞላ ወይራ ሁለት ሰዎችን በዚሁ መርዝ አሞ አንዱን መግደሉን ያስታውስ።

እንግዲህ ፔንቶሰስ ሁልጊዜ ቀድሞ እንዲደርስ ማድረግ የወይራ አምራች ሁሉ ፍላጎት ነው። አሮጌው ዘዴ የኢትዮጵያ ባልቴት ሁሉ የምታውቀው ነው፤ ካለፈው ሊጥ ላይ የተቀረረ እርሾ ለሚቀጥለው እንጀራ እንደሚቆይ፣ በሴቪልም አምና ጥሩ ከሆነው ታንከር የጨው ውሃ ተቀድቶ በአዲሱ ላይ ይደፋል። እናት ውሃ ይሉታል። ዋጋ የለውም፣ ብዙ ጊዜም ይሠራል። ችግሩ በውስጡ ማን እንዳለ አለመታወቁ ነው፤ ከመልካሙ ባክቴሪያ ጋር የሳፓቴራው ወይም የሻጋታው ዘር አብሮ ሊሻገር ይችላል።

የተጣራ፣ ማንነቱ የታወቀ ባክቴሪያ መጨመር ታዲያ ለምን ዘገየ? በወተት ሥራ ነገሩ የቆየ ነው። በ1890 ዴንማርካዊው ቪልሄልም ስቶርክ ለቅቤ የሚሆን ንጹሕ የላክቲክ ባክቴሪያ እርሾ አዘጋጅቶ ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአውሮፓ ክሬምና አይብ ቤቶች እርሾ እየገዙ መጠቀም ያዙ። ልዩነቱ ወተት ሊፈላ መቻሉ ነው። ፓስቸራይዝ የተደረገ ወተት ከሞላ ጎደል ባዶ ቤት ነው፤ የገባበት ሁሉ ይነግሥበታል። 10 ቶን ወይራን ግን ቀቅሎ ማጽዳት አይቻልም፤ ይላሽቃል። ሶዳው ራሱ በፍሬው ላይ የነበሩትን አብዛኞቹን ጀርሞች ይገድላል እንጂ፣ የእጥበቱ ውሃ፣ ቱቦው፣ ፓምፑና የታንከሩ ግድግዳ ወዲያው በሌሎች ይተኳቸዋል። እርሾው የሚገባው ሰው በተቀመጠበት ቤት ነው።

ሌላም እንቅፋት ነበረ፤ እሱን ያወጡት ሥራቸው በዋናነት ኪያር የሆነ ሰዎች ናቸው። በ1960ዎቹ ሰሜን ካሮላይና ራሌይ ውስጥ በሚገኘው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ላቦራቶሪ ጆን ኤቸልስና ባልደረቦቹ ኪያርን በንጹሕ ባክቴሪያ ማኮምጠጥ ችለው ነበር፤ ያንኑ በወይራ ላይ ሞከሩት። በሶዳ ባልታከመ ጥሬ ማንዛኒያ ላይ የተጨመረው ባክቴሪያ አልበረታ አለ። ፍሬውን አስቀድመው በ74 ዲግሪ ለ3 ደቂቃ ብቻ በሙቅ ውሃ ሲነክሩት ግን ያው ባክቴሪያ ተንሰራፋ። በ1966 ይህን አሳተሙ፤ ወይራ ውስጥ ባክቴሪያን የሚያግድ ነገር አለ ማለት ነው። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ኦሊዩሮፔይን ነበር፤ በ1973 ሄንሪ ፍሌሚንግና ባልደረቦቹ ሲመረምሩት ግን ራሱ ኦሊዩሮፔይን ለላክቲክ ባክቴሪያዎች ጉዳት የለሽ ሆኖ ተገኘ። ጎጂዎቹ እሱ ሲቆረስ የሚወጡት ቁርጥራጮች፣ በተለይም ኤሌኖሊክ አሲድ፣ ናቸው። ሙቀቱ የሠራው መርዙን ማጥፋት አልነበረም፤ ኦሊዩሮፔይንን የሚቆርሰውን የፍሬውን ኤንዛይም ሥራ ማስፈታት ነበር።

ይህ ግኝት ለሴቪል ሰዎች ምሥራች ነበረው። ሶዳው ኦሊዩሮፔይንን የሚበጥሰው በሌላ መንገድ ነው፤ ስለዚህ በሶዳ የታከመ ወይራ ለባክቴሪያ የሚመች ሆኖ ይወጣል። የስፔን ባለ ፋብሪካዎች ምሬት ያወጡ እየመሰላቸው፣ ሳያውቁት ለባክቴሪያዎቹ ቤት ሲያሰናዱ ነበር።

ሴቪል ውስጥ ከ1947 ጀምሮ የዘይትና የወይራ ምርምር የሚያካሂደው የቅባት ኢንስቲትዩት አለ። እዚያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከአንድ የአካባቢው ወይራ ታንከር ያወጡት ኤልፒሲኦ10 የተባለ የላክቶባሲለስ ፕላንታረም ሐረግ ልዩ መሣሪያ ነበረው። ፕላንታሪሲን የተባሉ ፕሮቲኖችን ያወጣል፤ እነዚህም የቅርብ ዘመዶቹንና ሌሎች ተፎካካሪዎቹን ይገድላሉ። ተመራማሪዎቹ ሁለት ታንከር አዘጋጁ። በአንዱ ኤልፒሲኦ10ን፣ በሌላው ደግሞ ያንኑ ሐረግ፣ ግን ፕሮቲኑን የማውጣት ችሎታውን ያጣውን፣ ጨመሩ። በ1994 የወጣው ውጤት ግልጽ ነበር፤ መሣሪያ ያለው እስከ መጨረሻው ታንከሩን ይዞ ቆየ፤ መሣሪያ የሌለው መንትያው ከሳምንታት በኋላ ጠፋ፤ ከየትም የመጡ የዱር ባክቴሪያዎች ቦታውን ወረሱት። ሁለቱም ጨውን ይችላሉ፣ ሁለቱም አሲድ ያወጣሉ። ያለያያቸው መሣሪያው ብቻ ነው።

ከዚህ ሙከራ መማር የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ በንግዱ ዓለም ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። «ላክቶባሲለስ ጨምረናል» ማለት ብቻውን ምንም አይናገርም። ለውጥ የሚያመጣው ሐረጉ ነው። የአቴንስ ግብርና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ከሌላ ማዕዘን አሳይተዋል። ከፋብሪካ ወይራ የወጡ ሁለት ሐረጎችን፣ ቢ281 የተባለ ፔንቶሰስና ቢ282 የተባለ ፕላንታረም፣ በሃልኪዲኪ አረንጓዴ ወይራ ላይ በ8 እና በ10 በመቶ ጨው ሞከሩ። በሁለቱም ጨው ፔንቶሰሱ የፍሬውን ገጽ ተቆጣጠረ። ፕላንታረሙ ግን በ8 በመቶው ደህና ሠርቶ በ10 በመቶው ላይ መያዝ አቃተው። ሁለት በመቶ ጨው፣ በእጅ ለሚበጠብጠው ሠራተኛ ከመዘንጋት የማይቆጠር ልዩነት፣ የአንድን እርሾ ዕጣ ይወስናል።

ይህ የሚታወቀው በጣዕምም በማይክሮስኮፕም አይደለም፤ በመልክ ሁሉም ዘንግ ናቸው። ተመራማሪዎቹ ከታንከሩ የወሰዷቸውን ባክቴሪያዎች ዲኤንኤ እየቆራረጡ የየሐረጉን አሻራ ያወጡና የጨመሩት እሱ ራሱ መሆኑን ያጣራሉ። ከዚህ ዘዴ በፊት የታተሙትን የእርሾ ስኬቶች ሁሉ በጥርጣሬ ማየት ይገባል፤ ታንከሩ ቢኮመጥጥም ያኮመጠጠው የተጨመረው ይሁን የዱሩ በእርግጠኝነት መለየት ከባድ ነበር።

የወይራ ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ የሚቆጥሩት በውሃው ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ነበር። ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ዓይናቸው ወደ ፍሬው ቆዳ ዞረ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ የወይራ ቆዳ ልሙጥ አይደለም፤ ፍሬው ሲተነፍስባቸው የነበሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎችና ስርጉድ ቦታዎች አሉት። ላክቶባሲለሶቹ በእነዚህ ውስጥ ተሰግስገው፣ ከይስት ጋር ተቃቅፈው፣ ራሳቸው ባወጡት ሙጫ ተጣብቀው ይኖራሉ። በአንድ ግራም ፍሬ ላይ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሊቆጠሩ ይችላሉ። ይህ ሕያው ንጣፍ ውሃው ቢቀየር እንኳ በቀላሉ አይታጠብም።

ጣሊያኖች ከዚህ ንግድ አይተውበታል። በባሪ ከተማ የሚገኙ የብሔራዊ ምርምር ምክር ቤት ሳይንቲስቶች ላክቶባሲለስ ፓራኬሴይ አይኤምፒሲ2.1 የተባለውን፣ ከሰው አንጀት የወጣ ሐረግ፣ በወይራ ላይ አጣበቁት። በ2005 ባሳተሙት ሙከራ አምስት በጎ ፈቃደኞች ለ10 ቀናት በየቀኑ ከ10 እስከ 15 የሚሆን ፍሬ በሉ፤ ከአምስቱ በአራቱ ሰገራ ውስጥ ባክቴሪያው በሕይወት ተገኘ። እርጎ ለማይስማማቸው ሰዎች ወተት የሌለበት ፕሮባዮቲክ ምግብ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። አምስት ሰው ግን አምስት ሰው ነው፤ በአንጀት ማለፍ ደግሞ ጤና ከመስጠት ጋር አንድ አይደለም። በፓኮ ላይ የሚጻፈውን ከዚህ አንጻር ማንበብ ይበጃል።

በፋብሪካ ውስጥ እርሾ መጨመር እንደ ስኳር በትኖ መሄድ አይደለም። በብዛት የሚሸጠው ደርቆ የተፈጨ ወይም የበረደ እርሾ ነው። ከእንቅልፉ የነቃ ባክቴሪያ በቀጥታ 10 በመቶ ጨው ውስጥ ቢወረወር ብዙው ይሞታል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጨው በቀነሰ ስኳር ባለው ውሃ ውስጥ እንዲያገግም ይደረጋል። ታንከሩም መሰናዳት አለበት፤ ከሶዳው የተረፈው ፒኤች በአሲድ ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመንፋት ይወርዳል፤ ውሃው ከቀዘቀዘ ይሞቃል፤ እጥበቱ ስኳሩን ካሟጠጠው ግሉኮስ ይጨመራል። የሚጨመረው ባክቴሪያ በአንድ ሚሊ ሊትር ከሚሊዮን እስከ ዐሥር ሚሊዮን እንዲደርስ ይታሰባል። በጊዜ ከገባ ጋዝ አውጪዎቹ የሚቆዩበት ጊዜ ያጥራል፣ ፒኤቹ ቀደም ብሎ ይወርዳል። ዘግይቶ ከገባ ግን፣ የዱሩ ላክቶባሲለስ ቤቱን ከያዘ በኋላ፣ ገንዘብ ውሃ ውስጥ እንደመጣል ነው።

ብዙ የስፔን ፋብሪካዎች ዛሬም እርሾ የማይገዙበት ምክንያት ከዚህ ይገባል። ልምድ ያለው ግቢ፣ ባክቴሪያው በታንከሩ ግድግዳ ላይ ለዓመታት የሰፈረበት፣ በአብዛኛው ዓመት ያለ ማንም እርዳታ ጥሩ ወይራ ያወጣል። እርሾው የሚፈለገው በመጥፎው ዓመት ነው፤ ለቀማው ዘግይቶ ብርዱ ሲቀድም፣ ታንከሩ አዲስ ሲሆን፣ ወይም ውሃ ለመቆጠብ እጥበቱ ሲቀነስ። የትኛው ዓመት መጥፎ እንደሚሆን በሴፕቴምበር የሚያውቅ የለም። እርሾ በዚህ አንጻር ከመሻሻል ይልቅ ለመድን ይቀርባል፤ የሚያሻሽጡት ሰዎች ግን «ጣዕም ይጨምራል» ማለትን ይመርጣሉ።

በጣዕሙ ላይ ክርክሩ አላለቀም። ፔንቶሰስ የሚያወጣው ከሞላ ጎደል ላክቲክ አሲድ ብቻ ነው፤ ንጹሕ፣ ቀጥተኛ ኮምጣጣነት። የወይራን ሽታ የሚያበለጽጉት መዓዛማ ውሁዶች ግን በብዛት የይስቶቹና የሌሎቹ ተራ ባክቴሪያዎች ሥራ ናቸው። አንዱ ሐረግ ሁሉንም ካባረረ የግሪክም የስፔንም ወይራ አንድ ዓይነት ቃና ይዞ ሊቀር ይችላል የሚለው ስጋት ከባዶ የመጣ አይደለም። ለዚህም ነው አንዳንድ ተመራማሪዎች ከባክቴሪያው ጋር ዊከርሃሞማይሲስ አኖማለስ የተባለውንና መሰል ይስቶችን ቀላቅለው የሚሞክሩት።

ከሁሉ ከባዱ ፈተና ያለው ሶዳ በማይነካው ወይራ ላይ ነው። የግሪኩ ኮንሰርቮሊያ በዛፉ ላይ ጠቁሮ ይለቀምና በቀጥታ ጨው ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ምሬቱ ቀስ በቀስ ወደ ውሃው እየወጣ ለገበታ እስኪበቃ ከ8 እስከ 12 ወር ይፈጃል። እዚህ የራሌይ ሰዎች ያገኟቸው ቁርጥራጮች በሙሉ ኃይላቸው አሉ፤ ስለዚህ ከባክቴሪያ ይልቅ ይስት ይበረታል፣ ፒኤቹም በዝግታ ይወርዳል። ሶዳን ማስቀረት ግን ከጣዕም ያለፈ ጥቅም አለው፤ የሶዳና የእጥበት ፍሳሽ ወንዝ ውስጥ የማይለቀቅ፣ በደቡብ ስፔን በሰፋፊ ኩሬዎች ውስጥ ፀሐይ እንዲያተንነው የሚተው ከባድ ብክለት ነው። በ1994 ጣሊያናዊው ጂኖ ቻፋርዲኒና ባልደረቦቹ አንዳንድ የፕላንታረም ሐረጎች ኦሊዩሮፔይንን ራሳቸው እንደሚሰብሩ አሳዩ። ቤታ ግሉኮሲዴዝ የተባለ ኤንዛይማቸው መጀመሪያ ግሉኮሱን ይነጥላል፤ ቀጥሎ ሌላ ኤንዛይም የቀረውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ከሁለቱ አንዱ ሃይድሮክሲታይሮሶል የተባለው ለጤና ተፈላጊ ውሁድ ነው። ወረቀት ላይ ሶዳን የሚተካ ባክቴሪያ ይህ ነው። ታንከር ውስጥ ግን ጨውና ፌኖሎች ሥራውን ያዳክሙበታል፤ ሶዳ በዐሥር ሰዓት ውስጥ የሚጨርሰውን እሱ በሳምንታትና በወራት ይሠራዋል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ያን ያህል ታንከራቸውን መያዝ አይፈልጉም፤ በአሁኑ ወቅት ሙከራውን እየገፉት ያሉት ፍሬያቸውን እንደ ተፈጥሯዊ በተሻለ ዋጋ የሚሸጡት ትንንሾቹ የግሪክና የደቡብ ጣሊያን አምራቾች ናቸው።